የእታገኝ መኝታ

የልጅ ልጄ አንዷለም መሐንዲስ ነው። ከሰቆጣ በላይ ባለው የአባቶቹ ቁልቁለት ላይ የቤተሰቡን ቤት ሲነድፍ፣ ወይራው እንዳይቆረጥ፣ ቋጥኙ እንዳይፈለጥ ብሎ ስንት ተጠበበ! የገዛ ልጁን የእታገኝን መኝታ ክፍል ግን አሮጌው የእግር መንገድ ላይ አሳረፈው።

ደሜ ፈላ። "ይኸ ነው ምህንድስና? መንገድ ተዘግቶ ቤት ይሠራል? በዚያ የሚሄደው በየት ይለፍ?"

"እምዬ፣ በዚያ የሚያልፍ ሰው አይተው ያውቃሉ?"

"አላየሁም። ሣር ሲበቅልበትም አላየሁም!"

ሳቀብኝ። የንድፉን ወረቀት ልቀደው ስነጥቀው ግን መኝታዋን ወደ ወይራው አዞረልኝ። ወዲያው ችካልና ገመድ ይዘን ወጣን።

አሮጌው መንገድ ሣር ለብሷል። ትናንት ሣር በነበረበት ደግሞ የብዙ ዘመን እግር የደለደለው የሚመስል ሌላ መንገድ አለ። ከታች ካለው ገደል ይወጣል፤ በሩ ሊሆን በታሰበበት በኩል ይገባል፤ ያልተሠራውን ግድግዳ ዞሮ ወይራው አጠገብ ያበቃል።

አንዷለም ሜትሩን ዘርግቶ ለካ። ወረቀቱን አየ። ደግሞ ለካ።

"ምን ዘጋህ? መንገዱ የት ላይ ነው የቆመው?" ብዬ ጮህኩበት።

"አልጋዋ ራስጌ ላይ፣ እምዬ።"