ዝናቡን የቀዳው ሰው

ጣቷ የኮምፒውተሯ ማውዝ ላይ ነበር። ሳሎኑን የሞላው ዘመድ አዝማድ፣ የአጎቷ ልጅ «ድምፁን እንደ አዲስ የሠራሁት እኔ ነኝ» ብሎ በስሙ ለለቀቀው አሮጌ ፊልም ያጨበጭባል። ሙዚቃውን ቀይራ፣ ዝናቡን ጨምራ፣ ቤቷን ዘግታ ያቀናበረችው ግን እሷ ነበረች። ዛሬ ደግሞ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ኮምፒውተርሽን ይዘሽ ነይና ክፈቺልን» አላት። «እሺ» ብላ መጣች።

«ዝናቡስ ብትል! የእውነት ዝናብ ነው እንዴ?» አሉ አክስቷ።

«የእውነት ነው እንጂ!» አለ የአጎቷ ልጅ ደረቱን ነፍቶ። «በረንዳ ላይ ማይክ ይዤ፣ እስካጥንቴ በስብሼ የቀዳሁት ነው። ብርዱማ አይነሳ!»

ስትጠብቅ የነበረው ይህቺኑ ነበር። ንግግሩንና ሙዚቃውን አጥፍታ ዝናቡን ብቻውን ለቀቀችው። ለፊልሙ ስትል ቆርጣ የደበቀችውን የቅጂውን መጨረሻም መልሳ ዘረጋችው። ዝናቡ ወረደ፣ ወረደ፣ ከዚያ በስፒከሩ የእናቷ ድምፅ ቤቱን ሞላው፦ «አንቺ! ሽንኩርቱ አረረ እኮ! መጥበሻው ላይ ማይክ ደግነሽ ዝም ብለሽ ታዪዋለሽ?»

እናቷ ሶፋው ላይ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። የቀረው ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። እሷ የሽንኩርቱን መንጫጫት ትንሽ ከፍ አደረገችና ፈገግ አለች።

«በል ንገራቸው እንጂ ወንድሜ፤ ብርዱን እንዴት ቻልከው?»