ፊት የሚለይ ፕሮጀክተር

ባለሱቁ ይኸነው ቆርቆሮ በሩን እስከ ወገቡ ያወርድና መስኮቱን በካርቶን ይጋርዳል። ውጭ የእንጅባራ ባጃጅ ሁሉ ይጮኻል፤ ውስጡ ግን ድቅድቅ ሆኗል። ከእንግዲህ ዐይናችሁ ይፍረድ ብሎ ትንሿን ፕሮጀክተር ያበራል።

እኔ የምፈርደው በዐይኔ ሳይሆን በመቀነቴ ነው። አሥር ሺህ ብር ቋጥሬበታለሁ፤ ስምንቱን የሰጡኝ አባቴ ናቸው። ዲፕሎማ ይዤ ሁለት ዓመት ሙሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር መቆም አንገፍግፎኝ ግምጃ ቤት ከተማ ላይ ኳስ ማሳያ ቤት ልከፍት ነው። ቤቱን ተከራይቻለሁ፣ ዲሹ ተሰቅሏል፣ ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ አራት ወር ቀርቶታል። ትንሿ አዲስ ናት፣ አምስት ሺህ። ትልቁ ከመሥሪያ ቤት የወጣ አሮጌ ሆኖ ሳለ ይኸነው ሳያፍር ዘጠኝ ሺህ ተኩል ይለዋል። ትንሿን ብወስድ ለድምፅ ማጉያና ለአግዳሚ ወንበር ይተርፈኛል። ትልቁን ብወስድ ተመልካቼን መሬት ላይ ላስቀምጥ ነው።

አባቴ ብሩን መንገድ ላይ እንዳልቀማ ብለው ነው አብረውኝ የመጡት። ከኋላዬ ሣጥን ላይ ተቀምጠዋል። ከጠዋት ጀምሮ የሚረባውን ያዢ፣ ርካሽ አትዪ ሲሉኝ ነው የዋሉት።

ይኸነው የከፈተልን የዘንድሮውን የጥር ሃያ ሦስት የፈረስ በዓል ፊልም ነው። ሁልጊዜ ዕቃውን የሚያስፈትነው በዚሁ ነው፤ ገዢው ዘመዱን ግድግዳው ላይ ሲፈልግ ዋጋውን ይረሳለታል። ሞኝህን ፈልግ እላለሁ በልቤ። ምስሉ ደብዛዛ ነው፣ አቧራና ነጭ ልብስ ተቀላቅሎ ሰው ከሰው አይለይም። ቢሆንም ኳሷ ከታየች ምን ጎደለኝ?

ከአቧራው መሃል ዳማው ብቅ ይላል። የእኛው ዳማ ፈረስ። በስንት ሺህ ፈረስ መሃል አላጣውም፤ ኮርቻው ላይ የሚደረበውን ቀይ ግላስ የጠለፈችው እናቴ ናት። ከላዩ ነጭ የለበሰ ፈረሰኛ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል።

ዘንድሮ በዓሉን አላየሁም፤ ከታኅሣሥ ጀምሮ ዳንግላ እህቴን ሳርስ ነበርሁ። ስለዚህ ደስታዬ ገደቡን ያልፋል። አባቴ ናቸው፣ አርባ ዓመት የፈረሰኞች ማኅበር አባል፣ አቀማመጣቸውን እየው እያልሁ የይኸነውን ትከሻ እጠበጥባለሁ። ጉራዬን እነዛለሁ። አባቴ ፊታቸውን ወደ በሩ ያዞራሉ። ጉራ አይወዱም ብዬ አልፈዋለሁ።

ይኸነው ገበያው የገባለት መስሎታል። አባትሽን በደንብ ማየት ከፈለግሽማ በዚህኛው ነው ብሎ ገመዱን ወደ ትልቁ ያዞራል። ይኼኔ አባቴ ከሣጥኑ ላይ ይነሣሉ። ትንሿ ትበቃለች፣ የግምጃ ቤት መኪና ያመልጠናል፣ እንሂድ ይላሉ። ምን ነካቸው እያልሁ ወደ ግድግዳው እዞራለሁ።

ጉድ ነው። የፈረሱ ጆሮ ይለያል። የእናቴ ጥልፍ ክሩ ሳይቀር ይለያል። ፈረሰኛውም ይለያል። አባቴ አይደሉም።

ክንዴ የሚባለው የጫግኒ እህል ነጋዴ ነው። በእናቴ ግላስ ላይ ተንሰራፍቶ ጥርሱን ሁሉ አሳይቶ ይስቃል። ምስሉ ወደ ዳር ይዞራል፤ አባቴ ከእግረኛው ጋር ቆመዋል። ዳማው በፊታቸው ሲያልፍ አንገታቸውን አስግገው እስኪርቅ ይከተሉታል።

ምላሴን በቆረጠው! ብሩን ሲሰጡኝ የዲከረንስ ዛፉን ለከሰል አክሳዮች ሸጥሁት ነበር ያሉኝ። ያቺ ዳገት ላይ ያለች ዛፍ ስምንት ሺህ ታወጣለች ወይ ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም፤ ተቀብዬ ቋጠርሁ። በዓሉ እንዴት ነበር ስላቸውም እንደ ወትሮው፣ ዳማውስ ስላቸው ግጦሽ ላይ ነው ብለውኛል።

«አባባ፣ ዳማውን ሸጡት?»

ዐይናቸው ግድግዳው ላይ ነው።

እንባዬ ይቀድመኛል። አሁኑኑ ጫግኒ እወርዳለሁ፣ ብሩን መልሼለት ነጋዴው እግር ላይም ቢሆን ወድቄ አስመልሰዋለሁ፣ ኳሱም ቤቱም ጥንቅር ይበል እላለሁ። በማያውቀኝ ሰው ፊት እንደ ሕፃን እየተነፋረቅሁ ነው። ይኸነው አንገቱን ደፍቶ የተጠቀለለውን ገመድ እንደገና ይጠቀልላል።

አባቴ ነጋዴውን መለመን አይወዱም፣ እኔም እንድለምን አይፈልጉም። እጄን ይዘው በአገውኛ፣ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት፤ ይኸነውም እንደኛው አገው መሆኑን ረስተውታል።

«ፈረስ ሸጬ ጉም አልገዛም። ይኼንን ትልቁን ካልወሰድሽ ዳማውን በከንቱ ነው የሸጥሁት።»

ከዚያ ይኸነውን መልሰህ አሳየኝ ይሉታል። ይመልስላቸዋል። ዳማው እንደገና ከአቧራው ይወጣል፤ እንደገና አንገቱን ቀልሶ ይጋልባል። አባቴ የክንዴን ፊት አያዩም። ቆመው ሳሉ ቀኝ ተረከዛቸው ፈረስ ላይ እንዳሉ ሁሉ የሱቁን ወለል ኮርኮር ያደርጋል።

መቀነቴን እፈታለሁ። ቋጠሮው አልፈታ ይለኛል፣ ግን እፈታዋለሁ። ይኸነው ደስታውን ዋጥ አድርጎ ትልቁን ፕሮጀክተር ሊጠቀልል ጨርቅ ያነሣል።

አባቴ ጠጋ ይሉታል። ሰው ፊት ለምነው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

«ልጄ፣ ይኼ ፈረሱ ያለበት ፊልምስ ከዕቃው ጋር ይሰጣል?»