ቁልፉ እንጨት

ማይቴ ፈረሷን እየኮለኮለች የመጨረሻዎቹን ላሞች ወደ ረግረጉ ትነዳለች። ሰደድ እሳቱ ከኋላዋ ኮረብታው አናት ላይ ወጥቷል። ወደ አስፋልቱ የሚያወጣው ብቸኛ መንገድ ከግማሽ ሰዓት በፊት ተዘግቷል። በዚህ ዓለም ላይ የቀሯት መቶ አርባ ላሞች፣ ይህች ፈረስና የሟች ባሏ አባት ናቸው፤ ሁሉም አሁን እዚህ ናቸው።

አማቷ ፔሎ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ባርኔጣቸውን ግንባራቸው ላይ ደፍተው፣ ረግረጉ መሃል ያለው ኩሬ ዳር ቆመው ውሃውን በጥርጣሬ ያዩታል።

«የአይጥ መዋኛ ውስጥ ልትከቺኝ ነው?»

«አይጥ አይደለም፣ ቢቨር ነው። ይግቡ አባባ!»

«ጅራቱ የተጠፈጠፈ አይጥ ነው። ስልሳ ዓመት ሙሉ አውቀዋለሁ።»

ማወቁንስ ያውቁታል። በዚህ የአሜሪካ አይዳሆ ሸለቆ በረዶው በቀለጠ ቁጥር የጅረት ጠረጋ ቀን ነበር። ወንዱ ሁሉ መንጠቆና ድማሚት ይዞ ይወጣል፣ ቢቨሮቹ በእንጨትና በጭቃ የገደቡትን ሲያፈርስ ይውላል፣ ከዚያ የበግ ጥብስ ይበላል። የጠራጊዎቹ አለቃ ፔሎ ነበሩ። ውሃው ሳይቆም ቁልቁል ሲምዘገዘግ እያዩ «ይኼ ነው ጅረት!» ይሉ ነበር። ጅረቱም እየጠራ፣ እየጠበበ፣ መሬቱን እየሰረሰረ ሄደና በዚያ አገር በጋ፣ አንድ ነሐሴ ላይ ጭራሹን ደረቀ።

ባሏ በሞተ በዓመቱ ማይቴ «ከእንግዲህ በእኔ መሬት ጠረጋ የለም» አለች። ሸለቆው ሁሉ ሳቀባት፣ ፔሎም አንድ ወር አኮረፏት። ቢቨሮቹ ግን መጡ። ውሃውን አቆሙት፤ የቆመው ውሃ በጎንና በጎን አፈሩ ውስጥ ሰረገ፤ አኻያው በቀለ፤ አኻያውን ብሎ አጋዘኑ መጣ፣ እንቁራሪቱ መጣ፣ እንቁራሪቱን ብሎ ሽመላው መጣ። ዛሬ ሸለቆው በሙሉ እንደ ገለባ ደርቆ ሳለ ይህች ቦታ ብቻ አረንጓዴ ናት። ማይቴ ተስፋዋን ሁሉ የጣለችው በዚህች አረንጓዴ ቦታ ላይ ነው።

ላሞቹ እየተጋፉ ገቡ። ከላሞቹ ወዲያ ሦስት አጋዘኖች እስከ ሆዳቸው ውሃ ውስጥ ቆመዋል፤ ከአጋዘኖቹ አጠገብ አንድ ቀበሮ። ማንም ማንንም አያይም።

አንዲት ቀይ ላም በርግጋ ግድቡ ላይ ወጣች። እንጨቱ ከሥሯ ተንኮታኮተ። ላሟ ተንደርድራ ብትመለስም ውሃው በከፈተችው ቀዳዳ ጓ ብሎ መውረድ ጀመረ።

ኩሬው ከጎደለ ሁሉም አለቀላቸው። ማይቴ ከፈረሷ ዘልላ ወርዳ ጭቃ በእቅፏ እያፈሰች ቀዳዳው ላይ ትጥላለች፤ ውሃው ጭቃውን እየጠረገ ይወስደዋል።

«ተይው! ከላይ ምን ያደርግልሻል?» ፔሎ ልብሳቸውን እንደለበሱ እስከ ደረታቸው ገብተዋል። «ግድብ የሚፈርሰው ከሥር ነው። አንድ ቁልፍ እንጨት አለው፤ እሱን የነቀለ ሁሉንም ነቀለ።»

«እንዴት ያውቃሉ?»

«ማን የነቀለው መሰለሽ?»

እጃቸውን ውሃው ውስጥ ሰድደው ይዳብሳሉ። ዓይናቸው ተጨፍኗል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ድንገት «አገኘሁት፣ ተፈናቅሏል» ብለው ትከሻቸውን አስጠግተው ገፉ። «አኻያ አምጪ! ድንጋይ! አሁን ጭቃውን!» ማይቴ ታቀብላለች፣ እሳቸው ይሰካሉ። ስልሳ ዓመት ያፈረሱ ጣቶች ወደ ኋላ ተመልሰው ይሠራሉ። ጓጓታው ቀነሰ፤ ወደ ትንሽ ፉጨት ወረደ።

እሳቱም ደረሰ።

ድምፁ እንደ ባቡር ነው። ሁለቱም እርጥብ ሸሚዛቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው እስከ አንገታቸው ጠለቁ። ፍሙ ውሃው ላይ እየወደቀ ቸስ ቸስ ይላል። ላሞቹ ይጮኻሉ። ማይቴ በጨርቁ ቀዳዳ አጮልቃ ታያለች፦ ነበልባሉ ደረቁን ሣር እየዋጠ መጥቶ አረንጓዴው ጠርዝ ላይ ተገታ። የሚበላ ፈለገ። አጣ። ዝቅ አለና ለሁለት ተከፍሎ፣ በግራና በቀኝ ዞሮ፣ አልፎ ሄደ።

ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። መቶ አርባ! ፈረሷም ከላሞቹ መሃል ቆማለች።

ፔሎ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ አያቶቻቸው አውሮፓ ውስጥ በባስክ ተራሮች ከጫፍ ጫፍ ይጠራሩበት የነበረውን ያንን ረጅም የእረኛ ጩኸት ለቀቁት። ማይቴ ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ሰምታው አታውቅም። እሷም ተከተለቻቸው፤ በደስታ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች። አጋዘኖቹ ዘወር ብለው አዩአቸው።

ጭሱ ቀኑን አመሻሽ አስመስሎታል። የጠገኑት ቦታ አሁንም በቀጭኑ ያፏጫል። ይህን ፉጨት የሰማ አንድ ቢቨር ከጎጆው ወጥቶ፣ በላሞቹ እግር መሃል እየዋኘ መጣ። ግድቡ ላይ ወጥቶ የፔሎን ሥራ አሸተተ። አንዱን እንጨት በጥርሱ ነቀለ፣ አዙሮ መልሶ ሰካው።

«አየሽው? ስንት የደከምኩበትን!» አሉ ፔሎ።

«ማፍረስ እንጂ መሥራት የት ተማሩና፣ አባባ!»

«ዝም በይ።»

ቢቨሩ ጭቃ ሊያመጣ ጠለቀ። ፔሎ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ባርኔጣቸውን አነሱ። ጎንበስ ብለው ከሥር ጭቃ ዛቁበት፤ ሞልተውም ግድቡ ላይ፣ ቢቨሩ በሚወጣበት በኩል አስቀመጡለትና፣ ሥራውን እንዳያውኩበት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉ።