ያልተመታ ደረት

ፕላኔቷ ተደምጣ እስክታልቅ ድረስ በዋሻው ከተማ ኮቴ ማሰማት ክልክል ነበር። መሬት ውስጥ የተቀበረውን፣ የሆዷን ንዝረት የሚለካውን ማዳመጫ የሰው እርምጃ እንኳ ይረብሸዋልና ሙቀጫው ሁሉ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

አስካለ የልጇን ልቅሶ የተቀመጠችው በዚህ መካከል ነው። ልጇ ደምሰው ያንኑ ማዳመጫ ሊተክል ጉድጓድ ወርዶ፣ ድንጋይ ተንዶበት እዚያው ቀረ። ለቀስተኞች በባዶ እግራቸው ገብተው ፍራሹ ላይ ተደረደሩ። አልቃሿ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። አስካለ ደረቷን ልትመታ እጇን ባነሳች ቁጥር ጎረቤቷ ዘርፌ ትይዛታለች።

«ተይ አስካልዬ፣ ትንሽ ታገሺ። ፕላኔቷን ከሰማይ ሲመዝኗት ከባድ ናት፣ ሆዷ ብረት ነው ብለዋል። ማዳመጫው አሁን የሚያጣራው ብረቱ መቅለጡን ነው፤ ቀልጦ የሚዞር ከሆነ እንደ ማግኔት ሆኖ ከፀሐይ መርዝ ይጋርደናል። ልጆቹ ውጭ ወጥተው ይጫወታሉ።»

«የኔስ ልጅ?»

«ያንቺማ ነው የሚያወጣቸው።»

በሦስተኛው ቀን የማዳመጫው መሐንዲስ ሞላልኝ መጣ። ወትሮ ጫማውን በእጁ ይዞ ነበር የሚገባው፤ ያን ቀን ግን ተጫምቶ፣ ወለሉን እየረገጠ ገባ። ለቀስተኛው ሁሉ እግሩን አየ።

«ብረቱስ አለ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ግን እስከ ውስጡ በርዶ ደርቋል። አይጋርድም። እዚሁ ዋሻችን ውስጥ ነን።»

ዘርፌ የአስካለን እጅ ለቀቀች።

«እንግዲህ ያልቅሱ እትዬ አስካለ» አለ ሞላልኝ። «ከእንግዲህ የሚያዳምጥ የለም።»

አስካለ እጇን ማንሳት አቃታት።