አንድ ስንዝር

ምንይችል የብረት መቁረጫውን ግራይንደር ይዞ ከአባቱ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ኋላ ተንበረከከ። «እንደ ጎረምሶቹ ሞተር ኋላዋን አሳጥረህ አሳምርልኝ» ያሉት ራሳቸው አባቱ፣ መሪጌታው ነበሩ። ወንበሯን ፈቶ፣ ሻንሲው የሚቆረጥበትን በጠመኔ አስምሮ ሊጀምር ሲል ግን እጃቸውን ብረቱ ላይ ጫኑ።

«እናትህ የት ልትቀመጥ ነው?» አሉና መስመሩን በጋቢያቸው ጫፍ አጠፉት። ከዚያ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ለክተው ሌላ አሰመሩ።

«አባባ፣ ይኼማ ምኑን አጠረ?»

እናቱ ከጋራዡ በር ላይ ሆነው ሲያዩ ቆይተዋል። መጡና ጋቢውን ከባላቸው ትከሻ ወስደው ባዶው ብረት ላይ አጥፈው አነጠፉት። «እስቲ ይውጡባት» አሏቸው፤ መሪጌታም ወጡባት። እናቱም ለዲማ ጊዮርጊስ ንግሥ ሲሄዱ እንደለመዱት ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ወደ ጎን ዞረው ከኋላ ተቀመጡና የባላቸውን ወገብ አቀፉ። ዘወር ብለው ቢያዩ አዲሱ መስመር ከኋላቸው ስንዝር ሙሉ ርቋል።

«በፊተኛው መስመር ቁረጠው» አሉት ልጃቸውን። «ድሮ ለንግሥ ስንሄድ ሁለታችንም ወፍራሞች ነበርን። አሁን ጠጋ ብዬ እቀመጣለሁ።»

ምንይችል ግራይንደሩን አስነሣ። ከሞተሯ የሚወርድ ግን አልተገኘም።