የጎሉ ቋሚዎች

መምህር አስማማው ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ የአፍሪካን ዋንጫ በጋራ ለማዘጋጀት መጠየቃቸውን በሬዲዮ ሰምቶ፣ ሜዳው ላይ ለተማሪዎቹ እያወራላቸው ነበር። አለባቸው እያለከለከ ደረሰ። «መምህር፣ ሚስቴ እማዋይሽ ምጥ ጠናባት። ለቃሬዛ የሚሆን እንጨት ስጡኝ!» አስማማው ሌላ እንጨት ፍለጋ አልሄደም፤ የጎሉን ሁለት ቋሚዎች ከመሬት ነቀለለት።

ጤና ጣቢያው ያለው ከወንዙ ማዶ፣ በእስቴ በኩል ነው። የእስቴና የስማዳ ሰዎች በግጦሽ መሬት ደም ከተቃቡ ወዲህ ግን ከዚህኛው ዳር፣ ከስማዳ፣ ማንም ተሻግሮ አያውቅም። አለባቸውና ጎረቤቶቹ ተሸክመውት፣ አስማማውም አብሯቸው ሆኖ፣ ቃሬዛው ወንዙ ዳር ሲደርስ የማዶዎቹ ጠመንጃ ይዘው ቆመው ጠበቁት።

«ማንን ነው የተሸከማችሁት?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ወላድ ናት፣ አባቴ» አለ አለባቸው።

ሽማግሌው ጠመንጃቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ውሃው ውስጥ ገቡ፤ ሌሎቹም ተከትለዋቸው ወደ ቃሬዛው መጡ። ደክሟቸው የነበሩት ተሸካሚዎች የቃሬዛውን የኋላ ጫፍ ለእነሱ ለቀቁላቸው።

አስማማው ከጎን ሆኖ የእማዋይሽን እጅ ይዞ ነበር። ወንዙ መሀል ላይ ጣቶቿ ላሉበት። ፊቷን አየና ቀና ሲል ከሽማግሌው ዓይን ጋር ተገጣጠመ፤ እሳቸውም አይተዋል።

ከፊት የተሸከመው አለባቸው መዞር አልቻለም። «መምህር፣ እንዴት ናት?» አለ።

አስማማው የላሉትን ጣቶች አጥብቆ ያዘ።

«አለች፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው ከኋላ። «ውሃው እንዳይጥልህ ፊት ፊትህን ብቻ እይ።» ይህን እያሉ በነጻው እጃቸው የለበሰችውን ጋቢ ቀስ አድርገው ፊቷን እስኪሸፍን ሳቡት።