ከኮረብታው የወረደችው ሴት

ሼህ ጀውሀር በትምህርት ቤቱ አዳራሽ በር ሲገቡ እዮኤል ንግግሩ ጠፋበት። እንግዳዋን መምህር ለተማሪዎቹ እያስተዋወቀ ነበር። ሽማግሌው ከዘራቸውን ተመርኩዘው በወንበሮቹ መሀል አለፉና ከፊተኛው ረድፍ ተቀመጡ። ማንም አልጠራቸውም።

«ዶክተር ፀደንያ፣ መድረኩ የእርስዎ ነው» ብሎ በአጭሩ ጨረሰና ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

ሁለት ዓመት ሆኖታል። ዶክተር ፀደንያ ከአዲስ አበባ መጥታ ከሸዋ ሮቢት በላይ ያለውን የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ስትቆፍር፣ የሼህ ጀውሀር መንደር አርጎባዎች መቃብሩ እንዲነካ አልፈቀዱም ነበር። የለመናቸው እዮኤል ነው። የዚያው የቀወት ወረዳ ልጅ ነው፤ የእናቱ ማሳና የእነሱ ማሳ በአንድ ቦይ ይጠጣሉ፣ በሐዘንም በሰርግም ይጠራራሉ። አፅሙ ተመርምሮ ይመለሳል፣ ዋሱ እኔ ነኝ አላቸው። በእሱ ቃል ፈቀዱ። የአንዲት ሴት አፅም ወጣና ተጭኖ ሄደ፤ በዚያው ቀረ።

ምርመራው ተራዘመ፣ ከዚያ ደግሞ የመመለሻው ፈቃድ ከቢሮ ቢሮ ተንከባለለ። በደወለ ቁጥር ትንሽ ታገስ ይሉታል። ባለፈው ክረምት ቦዩ ዳር ሰላም ሲላቸው ሼህ ጀውሀር ሰላምታውን መለሱና ፊታቸውን አዞሩ። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ እናቱ ቤት የሚሄደው ዙሪያውን ነው።

ዶክተር ፀደንያ ስለ ግንቦቹ፣ ስለ መስጊዱ፣ ግመል ስለሚወርድበት የነጋዴ መንገድ አስረዳች። ማራገቢያው ሙቁን አየር ከማገላበጥ በቀር የሚፈይደው የለም። እዮኤልን ግን ላብ ያጠመቀው በቆላው ሙቀት አልነበረም፤ የሽማግሌውን ማጅራት እያየ ነው።

ከዚያ የአፅሙ ሥዕል ግድግዳው ላይ በራ። ሴትየዋ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት እንደነበረች፣ ጉልበቷ ዳገት በመውጣት ብዛት እንደተበላ፣ የቀበራት ሰው ክንዷን በጥንቃቄ አስተካክሎ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ እንዳዞራት ዶክተሯ ተናገረች።

ሼህ ጀውሀር ተነሡ። ከአስተማሪዎቹ አንዱ ጥያቄ በመጨረሻ ነው ሊል አፉን ሲከፍት ዶክተሯ በእጇ ከለከለችው።

«ይቺ ሴት የሰው እናት ናት» አሉ ሼሁ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «ስለ ጉልበቷ ሰማን፤ ጥሩ ነው። ቤቷ የምትገባው መቼ ነው? ዋስ የሆነን ልጅ ያው እዚያ ቆሟል። እስከ ዛሬ ዝም ያልነው ብንጠይቀው መልስ አጥቶ እንዳያፍርብን ነው። ባገኘው እንኳ ዓይኔን አላሳርፍበትም።»

እዮኤል አንገቱን ደፋ። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ሲሸሻቸው እሳቸው ሲሸፍኑት ኖረዋል።

ዶክተር ፀደንያ ሥዕሉን አጠፋችና ከመድረኩ ወርዳ ፊታቸው ቆመች።

«አባቴ፣ መጥታለች። ውጭ መኪናው ውስጥ ናት።»

ፈቃዱን ያገኘችው ትናንት ማምሻውን እንደሆነ፣ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ የጣርማ በርን ተራራ በጉም ውስጥ እንዳለፈች፣ ትምህርቱን ስትጨርስ መንደሩ ድረስ ልትወጣ አስባ እንደነበር ነገረቻቸው። ለእዮኤል ያልነገረችው ወሬው ከባለቤቶቹ በፊት ሌላ ጆሮ እንዳይገባ ብላ ነው።

እዮኤል አጠገቡ ያገኘው ወንበር ላይ ተቀመጠና ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። ተማሪዎቹ ላብ መስሏቸው ይሆናል።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሼህ ጀውሀር። «በይ ጨርሺላቸው ልጄ፤ ለመማር ነው የመጡት። ሥዕሏን ግን አትመልሺው» ብለው ተቀመጡ።

የቀረውን ትምህርት ባዶውን ግድግዳ ጀርባዋ አድርጋ አስተማረች። ማንም ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

ሲያልቅ ሦስቱም ወደ መኪናው ሄዱ። የኋላውን በር ስትከፍት በነጭ አቡጀዲ የተጠቀለለ ሳጥን አለ፤ የተኛ ሕፃን እንደሚደገፍ ሁሉ ዙሪያውን በትራስ ተደግፏል። ሼሁ ጨርቁን በመዳፋቸው ዳሰሱትና ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። ዱዓቸውን ሲጨርሱ ከኋላ ገብተው ተቀመጡ፤ ሳጥኑን ጉልበታቸው ላይ እንዲያስቀምጡላቸው ጠየቁ። እዮኤል አስቀመጠላቸውና በሩን ሊዘጋ ሲል «ወዴት ነው?» አሉት። ዞሮ አጠገባቸው ገባ።

መኪናው አስፋልቱን ለቆ የኮረብታውን ኮረኮንች ሲይዝ መንገጫገጭ ጀመረ። ሼህ ጀውሀር የሳጥኑን አንድ ጫፍ ወደ እዮኤል ጉልበት ገፋ አደረጉለት።